የዴዝመንድ አቃፊ

ሆባርት ከተማ የምትኖረው ሞይራ ሟች ባሏ ዴዝመንድ የሠራውን የባሕር ሙላት ማስያ ፕሮግራም ለሰው ልታካፍል ተነሳች። እሱ የፕሮግራሙን ቅንብር የሚያስቀምጠው ኮምፒውተሩ ላይ በገዛ ስሙ በከፈተው አቃፊ ነበር፤ የሲስተሙ ደንብ ግን ለሁሉም አንድ የጋራ ቦታ መድቧል። ደንቡን እንዲከተል ብላ የፕሮግራሙን የአጠቃቀም መመሪያ ገጽ በገጽ እያረመች ስሙን ከየመስመሩ አጠፋች። ፕሮግራሙን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስታስነሳው ግን «የዴዝመንድ አቃፊ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ለጓደኛዋ ለሎርና ደወለች።

«አንቺ ሞኝ!» ብላ ሳቀችባት ሎርና። «ያረምሽው መመሪያውን ነው፤ ፕሮግራሙን መች ነካሽው? አሁንም እዚያው ነው የሚፈልገው።»

«እኔስ የት የምፈልገው መሰለሽ?» አለች ሞይራ፤ ስልኩንም ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ደንብ የጣሰን ሁሉ ስትቆጣ የኖረችው ሴት በባሏ ስም አቃፊ ከፈተች። ፕሮግራሙም አቃፊው ባዶ ነው አላለም፤ ሥራውን ቀጠለ።