የቀዛፊዋ ቃል

ማርጊት ሶልበርግ ለክላይቭ ራንስኮም ልትቀዝፍለት ተስማማች ብለው ሲነግሩኝ የሾርባው ጭልፋ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «ማን? ማርጊት? ለዚያ ሰውዬ?» አልኩ። «አዎ፣ ለዚያ ሰውዬ» አሉኝ። የአጥማጆች ማኅበሩን ወጥ ቤት ክፍቱን ትቼ ወደ ጀልባ ማሰሪያው ወረድኩ። እኔ ፍሎራ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ ሴትዮ፣ ያን ቀን እንዴት እንደሮጥኩ አትጠይቁኝ።

ማርጊት ጀልባዋን ገልብጣ የታችኛውን ጎን ቀለም ትቀባለች። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

«ልትሰድቢኝ ከመጣሽ ቶሎ በይ፤ ቀለሙ ሳይደርቅብኝ ልጨርስ» አለች።

«አብደሻል?»

«አላበድኩም።»

«ባልሽን የገደለ ሰው እኮ ነው!»

«ባሌን የገደለው ልቡ ነው። ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«ልቡንስ ማን ገደለው?»

ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረች፤ ጠርዙ ላይ አራገፈች። «እኔም እሱን ነው የማጣራው» አለችኝ። ወደ ቀለሟ ተመለሰች። እሷ እንዲህ ናት፤ ከማርጊት ወሬ ከማውጣት ከድንጋይ ዘይት መጭመቅ ይቀላል።

በእኛ በሃርዊክ ቤይ ሠላሳ ፓውንድ የሞላ ሳልሞን ዓሣ ታዪ ይባላል፤ በዚህ ዳርቻ አሮጌ ቋንቋ አለቃ ማለት ነው። በነሐሴ ወደ ወንዙ አፍ ሲጠጋ፣ እኛም ለእሱ ስንል ሞተር አጥፍተን በመቅዘፊያ እንወጣለን። በሞተር የሚያጠምድ ያጥምድ፣ ጠብሶም ይብላ፤ ለማኅበሩ ግን አይቆጠርለትም። አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ የማጥመጃ ዘንጉን ይይዛል። ዓሣው ጀልባው አጠገብ ደርሶ መረብ እስኪገባ ድረስ ዘንጉንም ክሩንም ከአጥማጁ በቀር ማንም አይነካም። ከነካ፣ ዓሣው አይቆጠርም። ሚዛኑ ላይ ሽማግሌው ዊልፍ ኦክስሊ ቆመው የሚጠይቁት አጥማጁን አይደለም፤ ቀዛፊውን ነው። አጥማጅማ ስለ ዓሣው ምን የማይለው አለ? የቀዛፊ ቃል ግን ቃል ነው። የዓመቱን ትልቅ ዓሣ ያወጣ ደወል ይደወልለታል፣ በእራቱ ላይ ራስጌ ይቀመጣል፣ ዓመቱን ሙሉ «አለቃ» ይባላል። ከንቲባ ከመሆን ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

ክላይቭና የማርጊት ባል አርቪድ ጓደኛሞች ነበሩ። ዛሬ አንተ ቅዘፍልኝ፣ ነገ እኔ እቀዝፍልሃለሁ ይባባላሉ። ከዓመታት በፊት በአንድ ነሐሴ ትልቁ ዓሣ የክላይቭ ነበር። የመጨረሻው ምሽት ላይ ዘንጉ የአርቪድ ተራ ሆነ፤ ክላይቭ ቀዘፈ። አርቪድ ይዞት የመጣው ዓሣ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ የክላይቭን በለጠው። ዊልፍ ጠየቁ። ክላይቭ መሬት መሬት እያየ፣ «አዝናለሁ አርቪድ፤ ክሩን ነክቼዋለሁ» አለ።

«መቼ?» አለ አርቪድ።

«ስትደናገጥ። አላየኸኝም።»

በዚያው ደወሉ ለክላይቭ ተደወለ። ሰዉስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አቤት ሐቀኝነት! በገዛ ጓደኛው ላይ እውነቱን ተናገረ!» ብሎ አጨበጨበለት። ይሄ ነው እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያቃጥለኝ። በዚያ ቃሉ አለቃ የሚሆነው ራሱ መሆኑን አንድ ሰው አላሰበውም። አርቪድ «ዋሽቷል» ባለ ቁጥር «መሸነፍ የማይችል ሰው» ይሉት ጀመር። ሰው ዓይኑ እያየ እንዴት እንደሚያልቅ ያኔ አየሁ። ማጥመዱን ተወ፣ መጠጥ ቤት መምጣቱን ተወ፣ በመጨረሻ ማውራቱንም ተወ። የብርዱ ወራት ሳያልቅ እንጨት ሲፈልጥ ወደቀና ሞተ። ክላይቭ ዓይኑን በጨው አጥቦ ከሁሉም የሚበልጥ የአበባ ጉንጉን ይዞ ቀብር መጣ።

ማርጊት በቀብሩ አላለቀሰችም። በጸደይ ከዓሣ ፋብሪካው ሥራዋ ወጣችና የአርቪድን ጀልባ ወደ ውኃ አውርዳ ለአጥማጆች በክፍያ መቅዘፍ ጀመረች። ልጅነቷ በተንሳፋፊ የእንጨት ቆራጮች ሰፈር ነው፤ ትምህርት ቤት የምትሄደው ቀዝፋ ነበር፤ ስለዚህ መቅዘፍ አልተማረችም፣ አብሯት አደገ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከእሷ የሚስተካከል ቀዛፊ ጠፋ። ዓሣው ክሩን ይዞ ሲፈተለክ ጀልባዋን እንዴት እንደምታዞርለት ብታዩ፣ ከዓሣው ጋር የተማከረች ይመስላል። ግን ጠባይዋ! አንድ ከቫንኩቨር የመጣ ጠበቃ ዓሣ ቢያመልጠው እናቷን ጨምሮ ሰደባት፤ ምንም ሳትመልስ ቀዝፋ ዳር አድርሳው፣ ቦርሳውን አሸዋው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ደግሞ አንድ ጥርስ ሐኪም የዓመቱን ትልቅ ዓሣ አውጥቶ በደስታ ሲዘል፣ ዊልፍ ቢጠይቋት «የሹራቤ እጅጌ ክሩን ነክቶታል» አለች። ሐኪሙ አላየም፣ ማንም አላየም። ዝም ብትል ማን ሊያውቅ? ከዚያ ወዲህ በሃርዊክ ቤይ ሰው ሲምል «እንደ ማርጊት ቃል» ይላል።

ክላይቭም የመጣባት በዚሁ ነው። የእንጨት ንግዱን ለልጆቹ ትቷል፤ ትከሻው አልቆ ሐኪም «ይህ ነሐሴ የመጨረሻህ ነው፣ ከዚያ ዘንግ አትይዝም» ብሎታል። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እንደገና አለቃ መባል አማረው። ለዚህ ደግሞ ምርጡ ቀዛፊ ያስፈልገዋል፤ ማንም ሊጠራጠረው የማይችል ቀዛፊ። ወደ እሷ ሄዶ «ያለፈው አለፈ፣ አይደል ማርጊት?» ቢላት፣ «ነገ በምሽቱ የባሕር ሙላት ላይ ና» አለችው። እሱ ይቅርታ መሰለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉትን አልሰማም መሰል።

ወሩን ሙሉ ወጡ። ማታ ማታ በወጥ ቤቴ መስኮት አያቸዋለሁ፤ እሱ ከኋላ ተቀምጦ ይለፈልፋል፣ እሷ ትቀዝፋለች። እኔ በሆዴ «አሁን ትገለብጠዋለች፣ አሁን ትገለብጠዋለች» እያልኩ ስንት ድንች አሳረርኩ። ምንም የለም። እንዲያውም የሱን ያህል ደህና ቦታ የተቀዘፈለት አልነበረም። ተናደድኩባት። «ይቺ ሴት ደሟ ቀዝቅዟል» አልኩ።

የወሩ መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ባሕሩ ሞልቶ ቀጥ ሲል ዘንጉ ጎበጠ። ክላይቭ ጮኸ። እንደ ደንቡ ሌሎቹ ጀልባዎች ሁሉ ክራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁ። ዓሣው መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ሣር ሄደ፤ እዚያ ከገባ ክሩ ተጠላልፎ ያልቅ ነበር። ማርጊት ሁለት ጊዜ ቀዝፋ ጀልባዋን በመሃል አስገባችበትና መለሰችው። ከዚያ ወደ ክፍት ውኃ ጎተታቸው፣ ራቁ፣ ከመስኮቴም ጠፉ። ሾርባው ይገንፍል ብዬ ውጪ ወጥቼ ቆምኩ። ሲመለሱ ክላይቭ ትከሻውን ይዞ ያቃስታል፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል።

ሚዛኑ ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቧል። «ሃምሳ ሁለት ፓውንድ!» አሉ ዊልፍ። የዓመቱን ሁሉ በለጠ። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ! ክላይቭ ባርኔጣውን አውልቆ አንዱን ይስማል፣ አንዱን ያቅፋል። አንድ ችኩል የደወሉን ገመድ ይዞ ዝግጁ ሆኗል።

«ማርጊት» አሉ ዊልፍ፣ «ከአጥማጁ ሌላ ዘንጉንም ሆነ ክሩን የነካ ሰው አለ?»

ማርጊት እርጥብ እጇን ሹራቧ ላይ ጠረገች።

«ማርጊት፣ አልሰማሽኝም?»

«ሰምቼዎታለሁ።»

«እሺ?»

«እያሰብኩ ነው።»

ክላይቭ ሳቀ። «ምን የሚታሰብ አለ? እጇ ከመቅዘፊያው ንቅንቅ አላለም! ንገሪያቸው እንጂ፣ ሰዎቹን አታስጨንቂ።»

«አጥማጅ አይጠየቅም» አለች።

ያኔ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ገባው። ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማርጊት፣ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ተናገሪ» አላት።

«አርቪድም እዚሁ ቆሞ እንዲሁ ብሎህ ነበር።»

«ያ ስንት ዘመኑ!»

«ለአንተ። አንተ የአርቪድን ንገራቸው፤ ከዚያ እኔ የአንተን እነግራቸዋለሁ።»

ዊልፍ ተቁነጠነጡ። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም። የዚህ ነገር ቦታው እዚህ አይደለም።»

«ቦታውማ እዚሁ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። የሽንኩርት ቢላዋ በእጄ መሆኑን ያየሁት ሰዎች ገለል ሲሉልኝ ነው። «እዚሁ ሚዛን ሥር ነው የተዋሸው፤ እዚሁ ይውጣ!»

ክላይቭ ዓሣውን አየ። ደወሉን አየ። ሰውን አየ። ላብ ከግንባሩ ይወርዳል። አሳዘነኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አላሳዘነኝም።

«አልነካሁትም» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?» አሉ ዊልፍ።

«የአርቪድን ክር። አልነካሁትም። ዓሣው ንጹሕ ነበር። አለቃነቱን… እንዴት እንደፈለግኩት አታውቁም።» ከዚያ ወደ ማርጊት ዞረ። «ይኸው፣ ተናገርኩ። አዋረድሽኝ። አሁን ተራሽ ነው።»

ማርጊት ዓይኗን ጨፈነች። አቆየችው። እኔ በቃ ልታለቅስ ነው፣ ይቅር ልትለው ነው ብዬ ነበር፤ ሌላውም ሁሉ እንዲያ ሳይመስለው አይቀርም። ዓይኗን ገልጣ ወደ ዊልፍ ዞረች።

«ነክቼዋለሁ» አለች። «ከባሕሩ ሣር ስንመልሰው ክላይቭ ሊወድቅ ሆነ፤ ዘንጉን በሁለት እጄ ያዝኩለት።»

«ውሸቷን ነው!» ክላይቭ ጮኸ። «ዊልፍ፣ ውሸቷን ነው! በልጆቼ እምላለሁ! እናንተ፣ ታውቁኛላችሁ እኮ!»

«አሁንማ አወቅንህ» አለ ደወሉ ጋ የቆመው፣ ገመዱን እየለቀቀ።

ዊልፍ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። «ክላይቭ፣ እዚህ ቦታ እንደምትዋሽ አሁን በገዛ አፍህ ነገርከን። የማንን ቃል ልያዝ?» ብለው ዓሣውን ከሚዛኑ አወረዱት።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም! እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ክላይቭ ዓሣውን እንኳን ሳያነሳ በሰዉ መሃል ሄደ፤ መንገድ የሰጠው እንጂ ሰላም ያለው አልነበረም።

ሰዉ ሲበተን ትኩስ ሾርባ ይዤ ወደ ማርጊት ወረድኩ። ጀልባዋን አስራ ውኃውን እየጨለፈች ነበር።

«ቆይ እንጂ፣ እውነት ይዘሽለት ነበር?» አልኳት።

«እጄ ከመቅዘፊያው ንቅንቅ አላለም።»

እስከማነባ ሳቅኩ። «አንቺ ሰይጣን! አንቺ የተባረክሽ ሰይጣን!» እላለሁ፣ ትከሻዋን እመታለሁ። እሷ አልሳቀችም። መቅዘፊያዎቹን ከቀለበታቸው አውጥታ ክንዴ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ለሚፈልግ ስጪልኝ። የዋሸ ቀዛፊ ሁለተኛ አይቀዝፍም።»

«ማን ያውቅብሻል? ከእኔ አፍ እንደሁ አይወጣም!»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ለዚያ ውሻ ብለሽ እንጀራሽን ትተይ?»

«ለእሱ አይደለም።» ሾርባውን ተቀበለችኝ፤ ግን አልጠጣችም። «ክላይቭ እንደዋሸ በእርግጥ ያወቅኩት ዛሬ ነው፣ ፍሎራ። ያን ማታ አርቪድ ቤት ገብቶ፣ ‹ሌላው ቢቀር አንቺ ታምኚኛለሽ አይደል?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ምናልባት ሳታየው ነክቶት ይሆናላ› አልኩት። እስኪሞት ድረስ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።»