በእግሬ ውስጥ የሚኖሩ ጫኝና አውራጆች

ልጅ ሳለሁ እግሬ ውስጥ ጫኝና አውራጆች ይኖራሉ ብዬ አምን ነበር። ይህን ያሳመኑኝ አባ ሸምሱ ናቸው፤ አጋሮ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን የጫኝና አውራጆች አለቃ የነበሩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም ሽማግሌ። ተረት ሲያወሩ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር አይታይም። የሚነግሩኝ ሁሉ ዛሬ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ የተፈጸመ ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ ለማመን አልተቸገርኩም።

አባቴ ከእሳቸው ሰዎች አንዱ ነበር። ቤታችንም ከመጋዘኑ ጀርባ ስለነበረ ያደግኩት የቡና ገለባ ሲጨስ እየሸተተኝና አይሱዙ ሲጫን እያየሁ ነው። አንድ ቀን ከጓሯችን አቮካዶ ዛፍ ላይ ወድቄ የጭኔ አጥንት ተሰበረ። ጅማ ሆስፒታል ተወስጄ ታከምኩ፤ ብዙ ጊዜም በጀሶ ታስሬ ተኛሁ። ጀሶው ሲፈታ ያየሁት እግር የእኔ አልመስል አለኝ። ከጤነኛው አጠገብ ሲጋደም የታናሽ እህቴን እግር ተውሼ የመጣሁ ነበር የሚመስለው።

ሐኪሞቹ በክራንች እየተራመድኩ እንድለማመድ ነግረውን ነበር። ነገር ግን ጫኝና አውራጅ ሰውን የሚወድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ይሸከመዋል። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ የአቶ ከበደ ትከሻ ነበር፤ አቶ ከበደ ማለት ከመጋዘኑ ሰዎች ሁሉ ግዙፉ፣ ቁጭ ካለ ደግሞ ለመነሳት ልመና የሚፈልግ ሰው ነው። ስመለስ ሌላው ይሸከመኛል። ሽንት ቤት አባቴ፣ ገበያ ደግሞ የቀደመ ሰው። ተራ ስላልደረሰው የሚያኮርፍም ነበር። እኔም ንግሥት ሆኜ ሰነበትኩ፤ ክራንቹ በር ጥግ ቆሞ አቧራ ለበሰ።

ለክትትል ወደ ጅማ ስንመለስ አባ ሸምሱም አብረውን መጡ። የተቀበለችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወጣት ሴት ነበረች፤ እኛ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ነበር የምንለው። በተሰበረው እግሬ ብቻ እንድቆም አዘዘችኝ። ጤነኛውን እግሬን ከመሬት እንዳነሳሁት ዳሌዬ በዚያ በኩል ዘቀጠ፤ ግድግዳውን ባልይዝ ኖሮ እወድቅ ነበር።

«ክራንቹን ትጠቀምበታለች?» ብላ አባቴን ጠየቀችው።

«ምን ሲደረግ!» አለ አባቴ ደረቱን ነፍቶ። «መሬት አላስነካናትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ተረባርበን ነው የተሸከምናት።»

«እሷ ሎሚ አይደለችማ» አለች ዶክተሯ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አጥንቷ ድኗል። የዳሌዋ የጎን ጡንቻ ግን ሥራ ፈቷል። አንዱ እግር ሲነሳ ዳሌ እንዳይዘቅጥ ወጥሮ የሚይዘው፣ በቆመው እግር በኩል ያለው እሱ ነው። አሁን ካልተቀሰቀሰ ሰውነቷ ማነከሱን ይለምደዋል፤ ከለመደ በኋላ ማስተው ከባድ ነው» አለችን።

የአባቴ ደረት ሲሟሽሽ አየሁ። እጆቹን ዘርግቶ፣ የሌላ ሰው እጆች ይመስል፣ አገላብጦ ተመለከታቸው። አባ ሸምሱ ግን ወንበራቸውን ወደ ዶክተሯ አስጠግተው ይጠይቁ ጀመር። ይሄኛው ጡንቻ ሥራው ምንድን ነው? ያኛውስ? ማን ያነሳል፣ ማን ያወርዳል? እሷም አልሰለቻትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቆዳ የሌለው ሰው ሥዕል አውርዳ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸውና ከዳሌ እስከ ተረከዝ በጣቷ እየመራች አስረዳቻቸው። «ማሻአላህ! ይሄ ሁሉ ሠራተኛ ለአንድ እግር?» አሉ አባ ሸምሱ። እስከ አጋሮ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ከንፈራቸው ለብቻው ሲንቀሳቀስ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ የመጋዘኑ ሰዎች እኛ ቤት ተሰበሰቡ፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኩራዝ ተለኮሰ። እናቴ ከሰል ላይ በቆሎ ትጠብሳለች፤ ፍሙ በነፋስ ቦግ ባለ ቁጥር ግድግዳው ላይ የአቶ ከበደ ጥላ ያብጣል። አባ ሸምሱ መጀመሪያ ሰዎቻቸውን አስጠነቀቁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ልጅ ያነሳ ሰው የመጋዘኑን ደጃፍ እንዳይረግጥ አሉ። ከዚያ ሰሌን አስነጥፈው፣ ደህናው እግሬ ከታች እንዲሆን በጎኔ አስተኙኝና ሕጋቸውን ነገሩኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እግርሽ ሲነሳ ተረቱም ይነሳል። እግርሽ ከወረደ ተረቱም ይወርዳል። ከእኔ ጋር ክርክር የለም።»

እግሬን አነሳሁ። እሳቸውም ጀመሩ።

ከዳሌ እስከ ተረከዝ ባለች አንዲት ከተማ ውስጥ ጫኝና አውራጆች ይኖሩ ነበር አሉ። ከሁሉም ግዙፉ መቀመጫ ላይ የሚኖረው ነው። ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ሲራመዱ ያንቀላፋል፤ ዳገት ወይም ደረጃ ሲመጣ ግን፣ ወይም ሰው ቁጢጥ ካለበት ሲነሳ፣ እሱ ካልነቃ ንቅንቅ የለም። ስሙም ከበደ ይባላል።

«አባ ሸምሱ! እኔ ነኝ መቀመጫ?» አሉ አቶ ከበደ፣ በቆሏቸውን እንደያዙ።

«ጆንያውን ከመሬት የሚያስነሳው ማን ሆነና? ክብር ነው፣ ዝም ብለህ ተቀበል።»

በሳቄ መሃል እግሬ ወረደ። ተረቱም ቀጥ አለ። አባ ሸምሱ በቆሏቸውን እየፈለፈሉ ኩራዙን ያዩ ጀመር፤ የዓለም ጊዜ ሁሉ የእሳቸው ነበር።

እንዲህ እያልን ከረምን። ያኔ ምሽቱ የሚረዝመውም የሚያጥረውም በእግሬ ልክ ነበር። የጭን ፊት ላይ የሚኖሩትን አራት ወንድማማቾች ያወቅኩት ወንበር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን እያቃናሁ ነው፤ አራቱም አንድ ገመድ ይጎትታሉ፣ ገመዱም የጉልበትን ሎሚ ይዞ ቅልጥም ላይ ይታሰራል። ከኋላ ደግሞ እስከ ቋንጃ የሚወርዱ ፍሬን ያዦች አሉ፤ ጉልበት የሚያጥፉት እነሱ ናቸው፣ እግር ወደ ፊት ሲወረወር እንደ ቁልቁለት መኪና አልፎ እንዳይሄድም ይይዙታል። ባት ላይ ያሉት ጭቃ የያዘውን አይሱዙ ከኋላ የሚገፉ ናቸው፤ ሰው ወደ ፊት የሚሄደው እነሱ ተረከዙን ሲያነሱለት ነው። ከወገብ አጥንት ተነስቶ፣ በሆድ ውስጥ ተደብቆ፣ በብሽሽት በኩል ጭን ላይ የሚደርስም አለ፤ ጉልበትን ወደ ላይ የሚያነሳው እሱ ነው፤ ማንም አይቶት አያውቅም። አባ ሸምሱ ይህን ሁሉ ሲያወሩ ድምፃቸው ውስጥ አድናቆት ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ሸክም አይተው፣ ከራሳቸው ቆዳ ሥር ከእሳቸው ሰዎች የበለጠ የተስማማ ቡድን መኖሩን በስተርጅና በመስማታቸው የተደነቁ ይመስለኛል።

ስም ያላወጡለት የዳሌውን የጎን ጡንቻ ብቻ ነው። ዝምተኛው ይሉታል። አንዱ እግር ከመሬት በተነሳ ቁጥር ከተማዋ ወደዚያ በኩል ልትወድቅ ነው፤ ዝምተኛው በወዲህ በኩል ወጥሮ ይይዛታል። ሲይዝ አይታይም፤ የሚታወቀው ሲተው ነው። «ታዲያ አንድ ጊዜ እንቅልፍ ጣለው» አሉ አባ ሸምሱ።

«ማን አስተኛው?» አልኩ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ።

«የሚወዱት ሰዎች።»

አባቴ ተነስቶ ወጣ። እኔም እግሬን ጣልኩት፤ አለቀስኩ፣ ተናደድኩ፣ ይህን ክፉ ሽማግሌ ከቤት አስወጡልኝ ብዬ እናቴን ለመንኳት። እሳቸው ግን «ቱሪ፣ ቀስ በይ። እኔ እጠብቃለሁ» ብለው ፊታቸውን ወደ ኩራዙ መለሱ። ጭስ የገባበት ዓይናቸው እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ አልነቃነቅ አልኳቸው። በኋላ ግን ዝምተኛው ከእንቅልፉ ይንቃ አይንቃ ሳላውቅ ማደር አቃተኝና እግሬን አነሳሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ዶክተሯ የቀጠረችን ቀን ደረሰ። ያን ዕለት ዳሌዬ ሳይዘቅጥ መራመድ ካልቻልኩ የምፈራው ማነከስ አብሮኝ ሊቀር ነው። አባ ሸምሱ ግን ከዶክተሯ በፊት ራሳቸው ሊያዩኝ ፈለጉ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ቡና የሚሰጣበት ሲሚንቶ ባዶውን ነበር። ሰዎቻቸውን ግራና ቀኝ አሰልፈው ክራንቹን ተቀበሉኝ።

እስከ መሃል ደህና ሄድኩ። መሃል ላይ ስደርስ ዳሌዬ ተቃጠለ፣ ሰውነቴ ዘመመ። የቆሙት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዘለሉ።

«እጅ ወደ ኋላ!» ብለው ጮኹ አባ ሸምሱ።

ሁሉም ባሉበት ቆሙ። እነዚያ ጆንያ የለመዱ ትልልቅ እጆች አንድ በአንድ ከጀርባ ተጣመሩ። አቶ ከበደ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። አባቴ ከሁሉም ወዲህ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካኛል። አልዘረጋም። እኔም በደካማው እግሬ ላይ እንደቆምኩ እጄን ጎኔ ላይ አሳረፍኩ፤ ከመዳፌ ሥር አንድ ነገር ሲወጠር ተሰማኝ፤ ዳሌዬ ቀና አለ። ነቃ! ብዬ ጮኽኩ። ማን እንደነቃ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጥግ ስደርስ አባቴ ሮጦ ቀደመኝና፣ ከልማዱ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጢጥ አለ። ወዲያው ትዝ አለው መሰለኝ አፍሮ ተነሳ። ሸሚዙ ሙሉ መኪና ያራገፈ ያህል በላብ ርሷል።

«ደከመህ እንዴ አባዬ?» አልኩት።

«ጆንያ ይሻላል» አለኝ።

በማግስቱ ዶክተሯ በአንድ እግሬ አቁማ ዳሌዬን በሁለት እጇ ያዘችና ሳቀች። ክራንቹን እዚያው ትተነው መጣን፤ ለሌላ ልጅ ይሆናል። አባ ሸምሱም «አልሐምዱሊላህ» አሉ እንጂ እኔን አላሞገሱኝም፤ ያሞገሱት ዶክተሯን ነው።

አሁን ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ። አባ ሸምሱ አርፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የጡንቻዎቹን የሳይንስ ስሞች በኋላ ትምህርት ቤት ተምሬ ለፈተና ካዋልኳቸው ወዲህ ረስቻቸዋለሁ። መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ሲራመድ ግን እስከ ዛሬ ቆሜ አያለሁ፤ አንዱን እግሩን አንስቶ አለመውደቁ አሁንም ይደንቀኛል። ከዚያ ወዲህ እጁን ዘርግቶ የደገፈኝ ብዙ ሰው አለ፤ ሁሉንም አመሰግናለሁ። እንደ አባቴ እጁን ከጀርባው አጣምሮ፣ በላብ ርሶ የደገፈኝ ሰው ግን አላገኘሁም።