የተክላይን ሐሳብ ያነበበው ኮፍያ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ እዚሁ መቀሌ ነው። በዕድሜዬ ብዙ አይቼ ብዙ ረስቻለሁ፤ ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ግን ፊቴ ይግላል።

እኔ ትምህርት ቤት ያልገባሁ፣ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ማንበብንም ሆነ ራዲዮ መጠገንን ማንም አላሳየኝም። ሐወልቲ አካባቢ በእኔ እጅ ያልዳነ ራዲዮ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጓደኛዬ ተክላይ በስትሮክ ተመትቶ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ አይናገርም። እጁንም ዐይኑንም እንደ ፈቃዱ አያዝም። ሰውነቱ ሲመነምን ንስሐ አባቱ ወተት እንዲጠጣ ፈቀዱለት። ሚስቱ ወይዘሮ ምሕረት ማንኪያውን ስታቀርብለት ግን ከንፈሩ ግጥም ይላል።

"መጾም ፈልጎ ነው፤ እኔ ልቡን አውቃለሁ፤ ተይው" አልኳት። ለእሱም በየቀኑ ከራስጌው ተቀምጬ፣ "ጎበዝ! እኔም ታይፎይድ ይዞኝ እንኳ ጾም አልገደፍኩም፤ ጠንክር" እለው ነበር።

አንድ ቀን የወንድሙ ልጅ ራህዋ ሽቦ የበዛበት ኮፍያና ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታጠናው ይህንኑ ነው። አንጎል ሲያስብ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ምልክት ኮፍያው ይቀበላል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ይተረጉመዋል። ተክላይ "አዎ" ለማለት ቀኝ እጁን ሲጨብጥ፣ "አይ" ለማለት እግሩን ሲያንቀሳቅስ ማሰብ ብቻ ነው ያለበት። ለጥቂት ቀናት አለማመደችው።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ለእኔ አዲስ አይደለም። የሰው ሐሳብ በሽቦ አይመጣም" አልኳት።

"እንግዲያው ይፈትኑት፣ ኣቦይ ካሕሳይ" አለችኝ እየሳቀች።

"ስምህ ተክላይ ነው?" አልኩት። ኮምፒውተሩ ላይ "አዎ" ወጣ። "የተወለድከው ጎንደር ነው?" አልኩት። "አይ" አለ። ልክ ነው፤ የቁሓ ልጅ ነው።

ይሄኔ ወይዘሮ ምሕረት ጠጋ አለች። "ወተት ትፈልጋለህ?"

"አዎ።"

"ገመዱ ላልቷል፤ እስቲ ልየው" ብዬ ተነሣሁ። ገመዱ አልላላም ነበር። ራህዋ ደጋግማ ጠየቀችው፤ መልሱ ያው ሆነ።

"መጾም ፈልገህ ነው እምቢ የምትለኝ?" አለችው ወይዘሮ ምሕረት።

"አይ።"

ቀና ብላ አየችኝና ወደ እሱ ዞረች። "አያ ካሕሳይን አፍረህ ነው?"

"አዎ።"

ራህዋ ዐይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሣችም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወጥቼ ልሂድ አልኩ፤ ግን ብሄድም ነገ ተመልሼ እንደምመጣ እሱ ያውቃል፤ ከንፈሩንም አይከፍትም።

የወተቱን ብርጭቆ ከወይዘሮ ምሕረት እጅ ተቀበልኩና ከፊት ለፊቱ ቆሜ ተክላይ እያየኝ አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ።

"በጃኹም፣ አያ ካሕሳይ! ምን ነካዎት?" ብላ ጮኸች።

"ስጪው" አልኳት።

ማንኪያውን አቀረበችለት። ከንፈሩ ተከፈተ። ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ጠጣ።

ዛሬም ልጠይቀው እሄዳለሁ፤ ፊቱ ሞልቷል። ስለተጎነጨሁት ወተት ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ጓደኛዬ እየተራበ "ጎበዝ" እያልኩ ማሞገሴን ግን ለማን ነግሬ እንደሚቀልለኝ አላውቅም።