የሚዛን ልጅና የሚዛን ድንጋይ

የሚዛን ተፈሪ ከተማ ልጅ ሆኜ «ሚዛን አትንኪ» ተባልኩ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በደርግ ዘመን ነው። በከተማችን አንድ የቡና መግዣ ጣቢያ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጬ ቡና እለቅም ነበር፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን ስንለይ እንውላለን። ከፊታችን ባለ ሁለት ሳህኑ ትልቅ ሚዛን ቆሟል። መመዘኛው ብረት ነው፤ እኛ ግን ድንጋይ ነው የምንለው። ትልልቆቹ ሃያ ሃያ ኪሎ ሆነው አናታቸው ላይ መያዣ አላቸው። መዛኙ ለዘመቻ ሲሄድ ቦታው ተከፈተና ወደ ካቦው ሄጄ ለእኔ ስጡኝ አልኩ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በተደረገ ስብሰባ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲነገር እጁ እስኪቀላ ያጨበጨበ ነው። ድንጋዩን ሲያነሱ መዋል የወንድ ሥራ ነው፣ ወገብሽ ይቆረጣል፣ አርፈሽ ልቀሚ አለኝ። አላርፍም አልኩት። ሴቶቹ ፊት አፍሮ መሰለኝ፣ አዲሱ ቡና ሲደርስ ሃያውን ከመሬት እስከ ወገቤ፣ በእያንዳንዱ እጄ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ ካነሳሁ ቦታው የእኔ እንደሚሆን ተናገረ። ሁለት ወር ነበረኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲበተን ከድንጋዩ ጋር መታገል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን በእልህ ሁለት ሃያዎችን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ እንዳልኩ ወደ ሆዴ መነጨቅኳቸው። ወገቤ ቀጭ አለ። ሦስት ቀን ቀና ማለት አቃተኝ፤ ካቦውም አልነገርኩሽም እያለ ሳቀብኝ።

ያዳኑኝ ዘበኛው ናቸው። የአካባቢው ተወላጅ፣ ድሮ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛን ከጎለመሱ በኋላ ስለለመዱት ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ለቃሚዎቹ ይስቁባቸዋል። እኔ አልስቅም፤ በእሳቸው ቋንቋ፣ በቤንችኛ፣ ሰላም ልበል ስል ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግ ያቅተኝና ትርጉሙ ተለውጦ ሌላ ነገር እላለሁ፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን አልሳቁብኝም።

«አንተ እልህ አለህ፣ ጀርባ የለህም» አሉኝ።

ጦር ሰፈር ብረት ሲያነሱ የተማሩትን ያሳዩኝ ጀመር። መጀመሪያ በአንድ እጅ ብቻ፤ ግራ እጄን የቡና ጆንያ ላይ ተደግፌ፣ ጀርባዬን እንደ ጠረጴዛ ዘርግቼ በቀኜ እስባለሁ። እጅህን እርሳው፣ በክርንህ ሳብ ይሉኛል። እውነትም ክርኔ ጎኔን ታክኮ ወደ ኋላ ሲሄድ ድንጋዩ ይከተላል። በአምስት ኪሎው ጀምሬ ወደ አሥሩ አለፍኩ። ሲቀለኝ ደግሞ ላይ አድርሼ እስከ አምስት እየቆጠርኩ እንድይዘው አደረጉኝ። አቤት እሱ! ትከሻዬ ሥር ሥጋ እንዳለኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ሃያው ላይ ስደርስ ጆንያውን መደገፍ ተውኩ፤ ሚዛኑ ጋ መደገፊያ የለማ። አንዴ በሳብኩ ቁጥር ድንጋዩን መሬት አስቀምጬ፣ ዝም ብሎ ካረፈ በኋላ እንደ አዲስ እስበዋለሁ። ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው ነው፤ የመረጥኩትም የመዛኝ ሥራ እንዲሁ ስለሆነ ነው።

የፈተናው ቀን ለቃሚዎቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ከበቡን። ቀኜን ጨረስኩ። በግራ ሃያ አንደኛው ላይ መዳፌ ተላጠ። ካቦው መሬት እያስነካሁ እንደማርፍ፣ እንደዚያ ያነሳሁት እንደማይቆጠር ተናገረ።

«ሲመዘንስ ድንጋዩ አየር ላይ ነው የሚውለው?» አልኩት።

ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም መሳቤን ቀጠልኩ። ሠላሳ ሞላሁ።

ይሄኔ ካቦው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሁሉም እንዲሰማ «ወንድ ነሽ! ከነገ ጀምሮ ሚዛኑ ያንቺ ነው» አለ። ተጨበጨበ። ማመስገኑ ነው እንግዲህ። ሁለት ወር ሙሉ ያበገነኝ «ወንድ» የሚለው ቃል ሽልማት ሆኖ ሲመጣ አንገበገበኝ። ድንጋዩን በተላጠው እጄ አነሳሁና እግሩ ሥር አስቀመጥኩት።

«ሴት ነኝ፣ ጓድ። የሠራተኛ መዝገቡም ላይ ሴት ተብሎ ይጻፍ።»

ጭብጨባው ቆመ። ካቦው ይፍረዱኝ በሚል ዓይን ወደ ዘበኛው ዞረ። እሳቸው ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እውነትህን ነው፣ ልጄ» አሉ። «ሴት ነህ።»