በአውራ ጣቴ ያሳለፍኩት ወተት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። በሰባ አራት ዓመቴ ብዙ አይቻለሁ፣ ብዙም ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳውም። ስለ ወተት ተጠይቄ አፌ የተያዘበት ቀን በዕድሜዬ እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ጎንደር ገበያ ላይ ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ የተማርኩት ደግሞ እዚህ ቤር ሼቫ ከተማ፣ በወተት ቦቴ መኪኖች ጎን ላይ ከተጻፈው ነው። አብረውኝ የመጡ ሰዎች ኡልፓን የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብተው ወራት ሙሉ ተምረዋል። ዛሬ ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣላቸው ይዘው የሚመጡት ግን ወደ እኔ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት በወተት ፋብሪካ ነው። ሥራዬ ቦቴዎቹ የሚራገፉበትን ግቢ ማጠብ ነበር። እጄ ውኃ ይረጫል፣ ዓይኔ ግን ይማራል። ወተት ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚቀዘቅዝ፣ የትኛው ቧንቧ ወደየት እንደሚሄድ ማንም ሳያስተምረኝ አውቄያለሁ። ጡረታ ስወጣ ኃላፊው ራሱ፣ «ባይህ፣ አንተ ከኢንጂነሮቹ ታውቃለህ» ብሎኛል።

እኛ ጎንደሬዎች ከሱቅ ወተት ጋር አንስማማም። የካርቶኑ ወተት ተቀምጦ እርጎ አይሆንም፤ ይመርራል እንጂ። ቢናጥም ቅቤ አይወጣውም። ስለዚህ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ያለን ሰዎች ወተት የምንገዛው ከፈንታ ነበር። ፈንታ የእኛው ሰው ነው፣ ሽኩና ሄ የሚኖር፣ አምሳ ዓመት ያልሞላው ትጉህ ሰው። ከከተማው ውጪ ጥቂት ላሞችና ፍየሎች ካሉት ሰው ያልፈላ ወተት እየተቀበለ በላስቲክ ጠርሙስ ያመጣል። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከሕንፃችን ጀርባ መኪናውን ያቆምና የኋላውን ይከፍታል። ፈቃድ የለውም። እኛም አንጠይቀውም።

ሴቶቹ ግን እኔ ሳልመጣ አይገዙም። ፈንታ አንዱን ጠርሙስ ይከፍትና፣ «አባባ፣ ጣትዎን ያምጡ» ይለኛል። አንዲት ጠብታ በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አስቀምጣለሁ። ጠብታዋ ድቡልቡል ሆና ከቆመች ውኃ አልነካትም። ከፈሰሰች ነክቷታል። ከዚያ አሸታለሁ። ከዚያ «ይወሰድ» እላለሁ፤ ይወሰዳል። አንድ ጊዜ «ይመለስ» ብዬ ፈንታ ሙሉውን ጭነት ይዞ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ውኃ የሚባል ነገር በወተቱ ዝር አላለም።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ትርንጎ ትኖራለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጇ ወደ ሰሜን አግብታ ሄዳለች። በአንድ ደረጃ ከምንወጣና ከምንወርድ ጎረቤቶች የእሷን እርጎ ያልቀመሰ የለም። እርጎ የምታረጋበትን ቅል ከመናፈሻው ጥግ ዘርቼ ያበቀልኩላት እኔ ነኝ። የምታጥንበትን እንጨትም የማመጣላት እኔ ነኝ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጎን የተተከለው የዘይት ዛፍ የእኛ ወይራ ወንድም መሆኑን በሽኩናው መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሲከረክመው ቅርንጫፉን እሰበስባለሁ።

ከጥቂት ዓመት በፊት፣ «አያ ባይህ፣ እንደ ፈረንጆቹ ላፈላው ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር።

«የፈላ ወተት እርጎው ምን ጣዕም አለው» አልኳት። «ቅሉን በደንብ ካጠንሽው ጢሱ በሽታውን ይገድለዋል።»

ይህን ከየትም አላነበብኩትም። ሁልጊዜ ሳነብ ስለምታየኝ ግን አንብቤ የነገርኳት መሰላት። እኔም «አይምሰልሽ» አላልኳትም።

ያን ሰሞን ትርንጎን ትኩሳት ያዛት። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ ያንቀጠቅጣታል፣ ሲሄድ ልብሷ እስኪጨመቅ ያልባታል። ወገቧንና ጉልበቷን ይቆረጥማታል። ለአስተርጓሚነት ኩፓት ሆሊም ወደሚባለው የጤና መድን ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ክሊኒኩ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አለው፤ ትርንጎ ግን «ከስልክ ጋር ስለ ሆዴ አላወራም» ብላ እምቢ አለች።

ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ትርንጎ ትመልሳለች፣ እኔ ወደ ዕብራይስጥ እመልሳለሁ። ትበያለሽ ወይ፣ ያስልሻል ወይ፣ የት የት ያምሻል። በመጨረሻ ሐኪሟ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሳ፣ «ያልፈላ ወተት ትጠጣለች? ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብስ?» አለች።

ወደ ትርንጎ አልዞርኩም። «በሕንፃችን የሚገባውን ወተት የምመረምረው እኔ ነኝ» አልኳት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት በወተት ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ወተታችን ንጹሕ ነው።»

ሐኪሟ ፈገግ አለችልኝና ጻፈች።

«ምን አለችዎ?» አለች ትርንጎ።

«ስለ ወተት ነው። መልሼላታለሁ።»

«ደግ አደረጉ» አለችኝ።

ጉንፋን ነው ተብላ የትኩሳት መድኃኒት ይዛ ተመለሰች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትርንጎ ከወንበር መነሳት አቃታት። አምቡላንስ ጠርቼ ሆስፒታል አስገባኋት። ደም ቀዱ፣ ራጅ አነሱ፣ ምንነቱ ቶሎ አልታወቀም። ልጇ በስልክ እያለቀሰች፣ «አባባ፣ እስክደርስ ድረስ አይለዩዋት» አለችኝ። አልተለየኋትም። በየቀኑ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። የሆስፒታሉ ምግብ አልዋጥላት ቢል ከራሷ ቅል እርጎ በብርጭቆ ማሰሮ ሞልቼ ወሰድኩላት። ሁለት ማንኪያ በላች። ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ወጣት ሐኪም መጣ። መጀመሪያ ያየው እሷን ሳይሆን ማሰሮውን ነው። አነሳው፣ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። የወይራው ሽታ ሳይገርመው አልቀረም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እርጎ ነው» አልኩ።

«ከምን ወተት?»

ላስረዳው ስጀምር እጁን አነሳ። «አንተን አልጠየቅሁም። እሷን ጠይቃት።» በዕብራይስጥ አንቱታ የለም፤ የልጅ ልጄ የሚሆን ሰው እንዲህ ሲለኝ መቼም አልለመድኩትም። ቢሆንም ጠየቅኋት።

ትርንጎ ትራሷን ደገፍ ብላ እየተንተባተበች ተናገረች። «ከፈንታ ወተት ነው። አላፈላሁትም። አያ ባይህ ወይራው በሽታውን ይገድለዋል ብለውኛል። እሳቸው የወተት ፋብሪካ ሰው ናቸው፣ ያውቃሉ። እንዲህ ይበሉት፤ አንድም ሳያጎድሉ ይንገሩት።»

ሐኪሙ ይጠብቃል። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነን፣ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ። «አልፈላም» ብል ይበቃ ነበር። ለመድኃኒቱ ሌላው አያስፈልግም ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ከክሊኒኩ የመጣውን ወረቀት ገለጥ አደረገና፣ «ክሊኒክ ውስጥ ስትጠየቅ ያልፈላ ወተት አልጠጣም ብላለች። ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠይቃት» አለኝ።

ያኔ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ቀን የላብራቶሪዋ ሴት ሙሉ ቦቴ ወተት አይራገፍም ብላ መለሰች። ያን ወተት አሽትቼዋለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጥሩ ወተት አይቼ አላውቅም። «ምን አጠፋ?» አልኳት። «ከብቶቹ ታመዋል። ይህ በአፍንጫ አይታወቅም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሥራዋን ከፍ ለማድረግ የምትናገር መስሎኝ ስቄ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁሉንም አየሁ፣ ይህን አንዱን ሳልወስድ ወጣሁ።

ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። የፈንታን፣ የወይራውን፣ ጢሱ ይገድላል ያልኩትን። «ክሊኒክ ውስጥ አልጠጣም ያለችው እሷ አይደለችም» አልኩት። «እሷ አልተጠየቀችም። የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። «ሌላ ማን ይጠጣዋል?» አለ ብቻ።

«በደረጃችን ያለ ሰው በሙሉ» አልኩት። «የዓርቡ ሰልፍም በሙሉ።»

ትርንጎ ወደ እኔም ወደ እሱም ታያለች። «ምን ተባባላችሁ? ፊትዎ ጠቆረ እኮ።»

ለእሷ መንገሩ ለሐኪሙ ከመንገር ይልቅ ከበደኝ። ያን ቀን ክሊኒክ ውስጥ ምን እንደተጠየቀችና እኔ ምን እንደመለስኩ በአማርኛ፣ ቃል በቃል ነገርኳት።

«መድኃኒት አለው ወይ ይበሉት» አለችኝ።

ጠየቅሁት። አለው፤ በደሙ ከተረጋገጠ ሁለት ዓይነት ኪኒን ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳይቋረጥ ይወሰዳል።

«እንግዲያውስ» አለች ትርንጎ፣ «ያንን ማሰሮ ከፊቴ ያንሱልኝ።»

የደሙ ውጤት ሲመጣ ብሩሴሎሲስ የሚባለው፣ ከታመመ ከብት በወተት የሚተላለፈው በሽታ ሆኖ ተገኘ። ከጤና ቢሮ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ወተቱ ከየት እንደሚመጣ፣ እነማን እንደሚገዙ ጠየቀችኝ። የፈንታን ስም ሰጠኋት። ከዚያም፣ «ዓርብ ጠዋት ከሰዎቹ ጋር እኔ ልነጋገር፤ አንቺ ከእኔ በኋላ ነይ። እኔን ይሰሙኛል» አልኳት። ተስማማች።

ዓርብ ፈንታ ጠርሙሱን ከፍቶ እንደ ወትሮው፣ «አባባ፣ ጣትዎን ያምጡ» አለ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። «ዛሬ ጣቴ አይሠራም። ይህ ወተት ውኃ የለበትም። በሽታ ግን አለበት። ትርንጎን የጣላት ይህ ነው። ጢሱ ይገድለዋል ያልኳችሁም ስህተት ነው፤ ከራሴ አውጥቼ ነው የነገርኳችሁ። ማንም አይግዛ፣ ቤት ያለውንም ድፉት።»

ከሰልፉ አንዲቱ፣ «ምነው አያ ባይህ፣ ፈንታ የእርስዎን ድርሻ ቀነሰብዎት?» ብላ አሳቀች። ሌላዋ፣ «እናቶቻችን ሳያፈሉ አይደል ያሳደጉን» አለች።

«ያደግነው ነን ይህን የምናወራው» አልኳት። «ያላደጉት መጥተው አይነግሩሽም።»

ከሰልፉ ማንም ጠርሙስ አላነሳም።

ፈንታ ጠጋ ብሎ በለሆሳስ፣ «አባባ፣ ቤቴን ዘጉት» አለኝ።

«ስምህን ለጤና ቢሮ ሰጥቻለሁ» አልኩት። «ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው። ዛሬ ይመጣሉ። አትሽሽ፤ የቀዳህበትን ቦታ አሳያቸው። ልጆችህም ይህንኑ ወተት አይደል የሚጠጡት?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበው ያኔ ይመስለኛል። የመኪናውን ኋላ ዘግቶ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ የጤና ቢሮዋ ሴት እስክትመጣ ግን አልሄደም።

የጠጣን ሁሉ ደም ሰጠን። በሌላ ደረጃ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች በሽታው ተገኘባቸው፤ በጊዜው ስለነበር ኪኒናቸውን እየዋጡ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሁሉ ይልቅ የጠጣሁት እኔ ነበርኩ፤ የእኔ ደም ንጹሕ ሆነ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የእንስሳት ሐኪሞች ሄደው ከብቶቹን መረመሩ፣ የታመሙት ተለዩ። ፈንታ አራት ወር ሰላም አላለኝም። አሁን ፈቃድ ላለው አንድ አነስተኛ የወተት ቤት ያከፋፍላል። ዓርብ ሲመጣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀንና ማኅተም ለሴቶቹ ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነኝ።

እርጎውስ? እሱንም የፈታሁት እኔ ነኝ። የፈላውን ወተት ትንሿ ጣት እስክትችለው አቀዝቅዞ፣ ከሱቅ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማሳደር ነው። ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ፣ በአራተኛው ረጋ። ቅሉን እስከ ዛሬ በወይራ እናጥነዋለን፤ ለሽታው ነው፣ ለሌላ አይደለም።

ትርንጎ ድናለች። ባለፈው ወር ለክትትል ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ያቺው ሐኪም፣ «እንቅልፍ ትተኛለች?» ብላ ጠየቀች። እንደማትተኛ አውቃለሁ፤ ሬዲዮኗ በወለሉ በኩል ይሰማኛል። ዞሬ ጠየቅኋት።

«በደንብ እተኛለሁ» አለች ትርንጎ።

«በደንብ እተኛለሁ ትላለች» አልኩ በዕብራይስጥ።

ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ክንዴን ነካችኝ። «ውሸቴን እንደሆነ ያውቁ የለ፤ ምነው አላረሙኝም?»

«የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

እየሳቀች ጥቂት ተራመደች፤ ከዚያም ቆመች። «ተመልሰን እንግባ» አለችኝ። «እውነቱን ልንገራት፣ እርስዎም ይንገሩልኝ።» ተመለስን።

በሽኩና ዳሌት ከእኔ የተሻለ አስተርጓሚ የለም። ይህን ድሮም እል ነበር፤ አሁን ግን እውነት ነው።