የራጂቭ የመጨረሻ ስላይድ

ያኔ ፎቶ በስልክ አይታይም፤ ስላይድ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ነበር የሚታየው። የሥራ ባልደረባዬ ራጂቭ ዘመድ ጥየቃ አገሩ ጃይፑር ደርሶ ሲመለስ፣ ያነሳቸውን ግንቦችና ቤተ መቅደሶች ሊያሳየን እኔንና ባለቤቴን በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሴንት ፖል፣ ቤቱ ጠራን። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ «የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ግንብ ስር ነው ያደግሁት» እያልኩ ስጎርርበት ነበር።

መጋረጃው ተዘጋ። የራጂቭ አባት ጥግ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የእኔ ቀልብ ግን ውጭ ነው። በረዶው ይወርዳል፤ መኪናዬን መንገድ ዳር ነው ፓርክ ያደረግሁት፤ በረዶ ጠራጊዎቹ ከመጡ ቶው አድርገው፣ ጎትተው ይወስዱብኛል። ሰው ቤት ተጋብዞ መሃል ላይ መነሳት ደግሞ ነውር ነው።

ግንብ መጣ። ቤተ መቅደስ መጣ። ደግሞ ሌላ ግንብ።

«ቢውቲፉል!» እላለሁ ለራጂቭ። ወደ ባለቤቴ ወደ ሰናይት ዘንበል ብዬ ደግሞ በአማርኛ፣ «ይሄ ሰውዬ ያላነሳው ድንጋይ አለ?»

«ዝም ብለህ ፈገግ በል» ትለኛለች፤ እሷም ሳቋ እያመለጣት።

አባትየው ዞር ብለው ያዩንና ይመለሳሉ።

«ላስት ዋን፣ ሰርፕራይዝ!» አለ ራጂቭ።

ቀለሙ የወየበ ስላይድ መጣ። ዓይኔ ግማሹ በመጋረጃው ክፍተት መስኮቱ ላይ ነው።

«ይሄማ ጭራሽ ፍርስራሽ ነው!» አልኳት። «ለዚህ ብሎ ነው መኪናዬን የሚያስወስድብኝ?»

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አይ ልጄ» አሉኝ በአማርኛ፣ «እሱስ የአንተው ነው። ጎንደር ሒሳብ ሳስተምር ያነሳሁት የፋሲል ግንብ ነው።»