ሲን በቃሉ የያዘው ሰው

የእስቴው ቀለመ ወርቅ ሲ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ በቃሉ ይዞ ነበር። ኮምፒውተር ግን አልነበረውም።

ድጓ ተማሪ ሳለ አባቱ ሞቱበትና ትምህርቱን አቋርጦ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገባ፤ ትምህርት ቤት ተቀጥሮ ላይብረሪ ጠራጊ ሆነ። እዚያ ነው ሽፋኑ የተገነጠለ የሲ መጽሐፍ ያገኘው። ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገለ ሲያነበው፣ አሜሪካ ያሉ ጥቂት ሰዎች ለገዛ ሥራቸው ማቃለያ የሠሩት ቋንቋ ኋላ የስንቱ ማሽን መሠረት እንደሆነ ተረዳ። ቋንቋው በዕድሜ የሚበልጠው በአንድ ዓመት ብቻ ነው። አብሮ አደጉን ያገኘ ያህል ወደደው።

ሌላ መንገድ ስለማያውቅ እንደ ድጓው አጠናው፤ እየጮኸ፣ እየተወዛወዘ፣ አንዲት ቃል ከሳተ ደግሞ የኔታ እንዳስለመዱት ከምዕራፉ ራስ እየጀመረ። ስድስት ዓመት ፈጀበት። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ይርዳው «ላም አለኝ በሰማይ!» እያለ ይስቅበት ነበር። ይሳቅ እንጂ፤ ይርዳው ራሱ ምን ያውቃል?

በ2004 ዓ.ም. እዚያው ከተማ አንድ ኮሌጅ ለኮምፒውተር ክፍሉ ረዳት ፈለገ። ፈተናውን ላለፈ ዲግሪ አይጠየቅም፤ ከከርሞ ጀምሮ ግን ይጠየቃል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ቀለመ ወርቅ መጥረጊያውን የሚጥልበት ሌላ ዕድል እንደማይመጣ ያውቃል።

ፈታኟ መምህርት ሩት ገና ለጋ ወጣት ናት። ጥያቄውን ብትሰጠው ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች በቃሉ አወረደላት። አፏን ይዛ ቀረች።

«እሰይ! አሁን እዚህ ይጻፉትና ያስኪዱልኝ» ብላ ኮምፒውተሩን አሳየችው። «ግማሽ ሰዓት አለዎት።»

በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። ማሽኑ፣ ዐሥረኛው መስመር ላይ ስሕተት አለ አለው። ቀለመ ወርቅ ደነገጠ፤ የጻፈውን ሁሉ አጠፋና ከፕሮግራሙ ራስ ጀመረ። አሁንም ሌላ ስሕተት። አሁንም አጠፋ። ሦስተኛውን ሳያጋምስ ሰዓቱ አለቀ። አንጀት ይበላል።

«ምነው ጋሼ!» አለች ሩት። «መጀመሪያ የጎደለችው አንዲት ምልክት እኮ ናት! እሷን ብቻ ጨምረው አይቀጥሉም ነበር?»

«የሳተ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል እንዴ?» አላት ከልቡ።

ሩት ወረቀቷ ላይ «አላለፈም» ብላ ጻፈች።

«ዲግሪ ባይኖረኝም ለከርሞ ብትፈትኑኝስ?»

«ለከርሞ ሲ ራሱ የለም ጋሼ፤ ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወጥቷል። ሌላው ዓለም ገና ይሠራበታል፤ እዚህ ግን የሚማረው አይኖርም።»

ቀለመ ወርቅ ከወንበሩ ተነሣ። «ታዲያ እኔ እንዴት አድርጌ ልርሳው?» አላት።

ሩት ቀጣዩን ተፈታኝ ጠራች።